የወጌሻውን ማሰሪያ ማን ይፍታው?

የቁስል ክፍሉን ቁልፍ ለትዕግሥት ያስረከብኩበት ቀን ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። እሷ ወጣት ነርስ ናት፤ እኔ ጡረተኛ። መቀሱ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ ፋሻ ሲያልቅ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር በእጄ ነካ አድርጌ፣ «ይህን እንዳያስነሱብሽ» አልኳት።

«የጋሽ እንድሪስን?»

«የጋሽ እንድሪስን።»

ቤት ገብቼ ለሴት ልጄ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተሽ አደራ የምትዪው ወንበር ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ወንበር ነው። አንድ ወጌሻ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳይደበቅ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ልጻፍ። ለዚህ ቀን ያደረሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ፣ ጀሶ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ደመወዜ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለአስቤዛ ይደርስ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል። ያ ክፍል የሰጠኝ ትልቁ ነገር አቶ ታደሰን ነው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ድሬሰር ነበሩ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው መዳፍ ለመዳፍ እያሹ ያሞቁታል። ጀሶውን ካሰሩ በኋላ የበሽተኛውን ጥፍር በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ። ጥፍሩ ይነጣል፤ ሲለቁት ወዲያው መቅላት አለበት። ካልቀላ ጀሶው ጠብቋል፣ ደም አላለፈም ማለት ነው። ያን ጊዜ የደከሙበትን ጀሶ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቀደው ይጥሉና እንደገና ይጀምራሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሁሉንም በሽተኛ አስቀድመው «ከእኔ በፊት ማን ነካህ?» ይሉታል። ሲጠይቁ «እንዴት አደርክ» እንደማለት አድርገው ነው። አንድ ጊዜ ከጉባ ላፍቶ የመጣ ገበሬ ክንዱ ተሰብሮ ቀረበ።

«ማንም አልነካኝም» አለ።

አቶ ታደሰ ክንዱን አሸተቱት። «ታዲያ ይኼ ቅቤ ብቻውን ነው የመጣው?»

ገበሬው ከነሕመሙ ሳቀ። «ወጌሻ ነካክቶኛል፣ ጌታዬ። እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።»

«አልቆጣም። መቼ አሰረህ? አጥብቆት ነበር? ጣትህን ይደነዝዝህ ነበር?»

ሰውየው ሁሉንም ተናገረ። ሲወጣ አቶ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስንቆጣ ይደብቁናል። ሲደብቁን የማናውቀውን እናክማለን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዤ ዞርኩ።

ከወልድያ ወደ ሐራ ተዛወርኩ። እዚያ አንድ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን አቋርጦ ጠበል ገባ። ጠበል የምጠመቅ ሴት ነኝና ጠበሉን ተው አላልኩትም። አጥማቂውን ካህን ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ክኒኑን በጠበሉ ይዋጠው?» አልኳቸው። «ማን ከለከለው? ይዋጥ» አሉ። ሰውየው በዚያው ቀን መዋጥ ጀመረ። እኔ ስለምነው ያልሰማኝ ሰው እሳቸው ሲናገሩ ሰማ። ሰው የሚያምነው ሰው ካልፈቀደለት በቀር እንደማይነቃነቅ ያን ጊዜ አወቅኩ።

ሁሉንም የአገር ሕክምና ግን አልደገፍኩም። የሕፃን እንጥል የሚቆርጡትን፣ ያልበቀለ ጥርስ ከድድ የሚፈለቅቁትን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ተከራክሬያቸዋለሁ። ልጅ ደም ፈሶት ሲሞት አይቻለሁ። የሚጠቅም አለ፣ የሚገድል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ መጣልም፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ ማቀፍም ያው ነው እላለሁ።

ከሐራ በኋላ በመርሳና በውርጌሳ መካከል ወዳለ ጤና ጣቢያ መጣሁ፤ ጡረታም የወጣሁት ከዚያው ነው። ጋሽ እንድሪስን ያገኘኋቸው እዚህ ነው። ማንጎና ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ስብራት ማቅናት ከአባታቸው ተቀብለዋል። ገንዘብ አይቀበሉም፤ «ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ። የተሰበረውን ክንድ በለሰለሰ ቅቤ ያሹና አጥንቱ የተለያየበትን ቦታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይፈልጉታል። ካገኙት በኋላ ስበው ያጋጥሙታል። ከዚያ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ዙሪያውን ደርድረው፣ «ቢስሚላህ» ብለው በጨርቅ ያስሩታል።

በአካባቢያችን አንድ ልማድ አለ። ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ሰው አይፈታውም። ያሰረው ራሱ መጥቶ፣ ያሰረበትን ጸሎት ደግሞ ነው የሚፈታው። ሌላ እጅ ከፈታው አጥንቱ አይገጥምም ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ያምንበታል። ይህን ልማድ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ምን እንደሚያመጣ ግን ሀዋ እስክትመጣ አላሰብኩትም።

ሀዋ የዘሃራ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ፤ ጋሽ እንድሪስ አሰሩላት። እሳቸው በማግስቱ ሌሊት ተነሥተው ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ተራራው ለቅሶ ሄዱ። ስልክ አይዙም ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ ዘሃራ አዝላ ወደ እኔ አመጣቻት።

«ማስታገሻ ይስጡኝ፣ ሲስተር። አላስተኛ አለችኝ።»

ጣቶቿ አብጠዋል። ጥፍሯን ጫን አደረግኩት። ነጣ። ለቀቅኩት። እንደነጣ ቀረ።

«ዘሃራ፣ ይህ ማሰሪያ አሁን መፈታት አለበት።»

«አይንኩብኝ!» ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «ያሰሩት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይፍቱት።»

«እሳቸው እስኪመጡ እጇ አይጠብቅም። ጣቷን እዪው እስቲ፣ ቀዝቅዟል።»

«የእህቴን ልጅ ሌላ ሰው ፈታው። አሁን እጁ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀርቷል። የኔን ልጅ እንደዚያ ልታደርጉብኝ ነው?»

ለመንኳት። ጠባቂው ለመናት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ እስላም ስለሆነች፣ በወላሂ ለመነቻት። ዘሃራ ክፉ እናት አልነበረችም። ልጇን ለመጠበቅ የምታውቀው መንገድ ያ ነበር። ነጠላዋን አጥብቃ ልጇን አዝላ ወጣች። እኔ ጠባቂውን ጋሽ እንድሪስን እንዲፈልግ ላክሁት፤ ለቀበሌውም ደወልኩ።

ጋሽ እንድሪስ በማግስቱ ተገኙ። መንገዱን እንዴት እንደወረዱት አላውቅም። ዘሃራ ቤት ገብተው ማሰሪያውን እዚያው ፈቱት። እጁ ጠቁሯል። ልጅቷን በገዛ ክንዳቸው ታቅፈው ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ፤ እናቷ ከኋላ ትሮጣለች። ወዲያው ወደ ወልድያ ላክናት። እዚያ የቻሉትን አደረጉ፤ እጇ ግን አልተረፈም። ከክርኗ በታች ተቆረጠ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው አጥቻለሁ። ከሁሉም እስከ ዛሬ በጸሎቴ የማነሣት ሀዋ ናት። መድኃኒት አጥተን አይደለም፤ ማወቅ አቅቶንም አይደለም። መቀሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። የጎደለው አንድ ፈቃድ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ እንድሪስ የሸምበቆ ስንጥሮቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው፣ ልጄ። ከእንግዲህ አልነካም።»

«ይዘውት ይሂዱ፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«እንዴት?»

«አንቱ ቢተዉ ልጅ ከማንጎ መውደቅ ይተዋል? ሰው ወደ ማን ይሄዳል? ውርጌሳ ገበያ ላይ ወደሚያሸው ጎረምሳ ነው?»

በሐዘናቸው መካከል አፋቸው ፈገግ አለ። «እሱማ በግ እንኳ አስሮ አያውቅ» አሉ። በመጨረሻ የልቤን ጠየቅኳቸው።

«ያሰሩትን ሌላ ሰው እንዲፈታው መፍቀድ ይችላሉ?»

ብዙ አሰቡ። «አባቴ ለእኔ የፈቀዱልኝ ሊሞቱ ሲሉ ነው» አሉ።

«ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው?»

«እንደዚያ የሚል የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጠይቆ የሚያውቅ የለም እንጂ።»

እንዲህ ተጀመረ። ማሰሪያው ከየትኛው ጫፍ እንደሚላላ፣ ሸምበቆው አጥንቱን ሳያናጋ እንዴት እንደሚነሣ አሳዩኝ። እኔ የአቶ ታደሰን ጥፍር መጫን አሳየኋቸው። የጣት ጫፍ እንዳይሸፈን፣ አጥንት ቆዳ ቀድዶ ከወጣ ጭራሽ እንዳይነኩት፣ በማግስቱ በሽተኛው ለእይታ ወደ እኔ እንዲመጣ ተስማማን። ስለ ጸሎቱ ግን ተጨነቅኩ። «እኔ ቢስሚላህ ብዬ ልጀምር አልችልም፣ ጋሽ እንድሪስ» አልኳቸው።

«አንች በራስሽ ጀምሪው። ሰሚው እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስፈታ በስመ አብ ብዬ እፈታለሁ። እሳቸውም ያሰሩትን ሁሉ፣ «ጣቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ሲስተር ትፍታው። እጇ እጄ ነው» ይሉታል።

ሰው ግን አላመነም። እሳቸው በግቢያቸው ያስራሉ፣ እኔ በጤና ጣቢያ እቀመጣለሁ፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ያየ የለም። «ጋሽ እንድሪስ ይህን አሉ?» እያሉ በጥርጣሬ ያዩኛል። አንዳንዱ ማሰሪያውን በነጠላ ሸፍኖ ለሌላ በሽታ መጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ወጌሻው እዚሁ፣ በቁስል ክፍሉ በር፣ ሰው ሁሉ እያየው መቀመጥ አለበት አልኩ።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ያን ጊዜ ሄኖክ ነበር፤ ወጣት ጤና መኮንን፣ ሥራ ወዳድ ልጅ። ስነግረው እስክሪብቶውን ጣለ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ወጌሻ፣ ነገ ደግሞ ጠንቋይ ያመጡልናል።»

«ጠንቋይ አላልኩም።»

«ከላይ ቢሰማ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ሀዋ እጇን ስታጣ ማን ተጠየቀ?»

ተቆጣ። ወደ ወረዳ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ዕድል ሲሰጡኝ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ያሉትን ባጭሩ ልጻፍ። የባህል ሕክምናን እንደግፋለን አሉ። ግን ሰውየው ምን ትምህርት አላቸው? ቢያበላሹስ? ማን ይቆጣጠራቸዋል? ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ። እኔም የጠየቅኩት ለዚሁ ነው፤ እዚህ ከተቀመጡ እኔ አያቸዋለሁ፣ በግቢያቸው ማንም አያያቸውም አልኩ። ይጠና ተባለ። ስመለስ ጋሽ እንድሪስ መርሳ መናኸሪያ ቆመው ጠበቁኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ይጠና አሉ።»

«ያ ረቢ። እኔ ሳልሞት ይጨርሱት ይሆን?»

በሌላ ጊዜም ሄድኩ። ወረዳው ላይ ሌላ ኃላፊ መጣ፤ ለእሱም ነገርኩት። መናገር የማልወድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ «በቤት ያስቀመጥሽውን ቃል ሁሉ ወረዳ ወስደሽ ጨረስሽው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ የሚናገሩ ሌሎች አሉ። እኔ ልጆቼን ይዤ ወጥቼ፣ ልጆቼን ይዤ ተመለስኩ፤ እመቤቴ ትመስገን። ስንመለስ ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። ጀሶ የለም። ፋሻ የለም። አልጋ የለም። ወንበር እንኳ አልቀረም። በሽተኛው ግን በር ላይ ቆሟል። ሄኖክ ባዶው ክፍል መካከል ቆሞ ዙሪያውን አየ።

«እኒያ ሽማግሌ በሕይወት አሉ?» አለኝ።

«አሉ።»

«ይጥሩልኝ፣ ሲስተር።»

ጋሽ እንድሪስ ሸምበቆአቸውን ይዘው መጡ። መቀመጫ ስላልነበረ አንድ የሰፈር አናጢ ከሳንቃ አግዳሚ ሠራልን። በሩ አጠገብ አስቀመጥነው። እሳቸው ያስራሉ፣ እኔ ጥፍር እጫናለሁ፤ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣውን ያለ ክርክር ወደ ወልድያ እንልካለን። ሰዉ ሁለታችንን ጎን ለጎን አየን። «እጇ እጄ ነው» ሲሉ በቅርብ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያ ለመፍታት የለመንኩት ሰው ትዝ አይለኝም። ሰው እየመጣ፣ «ሲስተር፣ ትንሽ ደንዝዞኛል፣ እዪልኝ» ይለኝ ጀመር። ከእሳቸው ማሰሪያ ሥር የጠቆረ እጅም አላየሁም፤ ተመስገን።

ዕቃው እየተመለሰ መጣ፤ ጀሶም ገባ። አሁን ወንበሩን ያነሡታል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ከበላይ ቢሮ ጎብኚዎች መጡ። አንደኛው ጋሽ እንድሪስን አይቶ፣ «እኝህ አባት ታማሚ ናቸው?» አለ። እኔ አፌን ስከፍት ሄኖክ ቀደመኝ።

«አይደሉም» አለ። «የኛ ወጌሻ ናቸው።»

ሰውየው ብዙ ጠየቀ፤ ሄኖክ ሁሉንም መለሰ፤ የእኔን ቃል ነበር የሚመልሰው። ወጌሻን በጤና ጣቢያ የሚያስቀምጥ ደንብ እስካሁን አልመጣልንም። ይመጣል ብዬ አምናለሁ። እስኪመጣ ወንበሩ እዚያው ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ጋሽ እንድሪስ «እጇ እጄ ነው» ሲሉ የሚያመለክቱት እኔን ነው። እኔ ስሄድስ? የሠራነው ሁሉ በሁለት አዛውንቶች ላይ ነው የቆመው። ነገርኳቸው።

«ጤና ጣቢያው ይፍታው ይበሉ» አልኳቸው።

«ጤና ጣቢያ እጅ አለው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

«የሚመጣው ነርስ ሁሉ እጅ አለው።»

«የማላውቃትን ልጅ እጇ እጄ ነው ልበል?»

«አዎ።»

ሸምበቆአቸውን አገላበጡ። «ከባድ ነገር ነው የጠየቅሽኝ፣ ሲስተር» አሉ። በዚያን ቀን መልስ አልሰጡኝም። በሳምንቱ ግን የአንድ እረኛ ሴት ልጅ እግር ሲያስሩ፣ ለአባቷ፣ «ካበጠ እዚህ ክፍል ያለችው ትፍታው። የእሷም እጅ እጄ ነው» አሉት። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የደም ግፊት መድኃኒቴን ለመውሰድ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ነጠላዬን ለብሼ እንደ ሌላው ሰው ተራ ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሽ እንድሪስ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ናቸው ተባለ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ዘሃራ ገባች። ትንሹን ልጇን ታቅፋለች፤ ክንዱ በሸምበቆ ታስሯል። ከኋላዋ ሀዋ ነበረች። ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። የጎደለው እጇ በሻሿ ሥር ነው።

ዘሃራ እኔን ስታይ ፊቷ በራ። «ሲስተር! አሉ? ይኸው አብጦበታል፣ እባክዎ ይፍቱት።»

ልነሣ ጉልበቴን ያዝኩ። እጄ ሥራውን አልረሳም። ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ዘሃራ። ያቻት፣ ትዕግሥት ትፍታው።»

ዘሃራ ትዕግሥትን አየቻት። ልጅ እግር ናት፤ አዲስ ናት። ያን የድሮ ቀን በዘሃራ ፊት ላይ አየሁት። ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። እኔ አልለመንኩም፤ በልቤ ግን እመቤቴን ጠራኋት።

ሀዋ ወደፊት መጣች። በቀረላት እጅ የወንድሟን የታሰረ ክንድ ከታች ደግፋ ለትዕግሥት አቀረበችላት።

«እማ» አለች፤ «ጋሽ እንድሪስ ሲያስሩት እኔም ቆሜ ነበር። እዚህ ያለችው ትፍታው ብለዋል።»

ዘሃራ ክንዷን አላላች።

ትዕግሥት እጇን ታጥባ መዳፍ ለመዳፍ አሸችው። ከዚያ የልጁን ጣቶች አየች፣ ዘሃራን አየች፣ «እንዴት አደራችሁ» እንደማለት አድርጋም ጠየቀች።

«ከእኔ በፊት ማን ነካው?»

«ጋሽ እንድሪስ» አለች ዘሃራ፣ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ።

ትዕግሥት ከጣቱ በኩል ያለውን ጫፍ አላላችው። ሸምበቆው እንደተደረደረ ቆየ። የልጁን ጥፍር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ነጣ። ለቀቀችው። ቀላ።